የዳሞቲት ልብስ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 6 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአሳየሽ ሻንቆ፣ ወላይታ ሶዶ

አዬ፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ እንደ እናት አዬ እያልኩ ስጠራሽ ስለኖርኩ፣ ደብዳቤ ላይም ሌላ ስም አይመጣልኝም። እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ።

አዎ፣ አንቺ ነሽ። ጠሃ ሱቅ በር ላይ በተሰቀለው መጽሔት ሽፋን ያየሻት ሴት ፊቷ ያንቺ ነው። ሳላስፈቅድሽ በማድረጌ ይቅርታ አድርጊልኝ። የምሠራበት መጽሔት አዘጋጅ «በውጭ አገር እንዳለው በሥዕል የሚተረክ ታሪክ እንጀምር፤ ባለታሪኳ ኃይለኛ ሴት ትሁን» አለኝ። ደጋግሜ ብስል ሁሉም ሕይወት የሌላቸው ሆኑብኝ። ከዕለታት አንድ ቀን እጄ የግራ ቅንድብሽን ጠባሳና የፊት ጥርስሽን ፍንጭት ሲስል አገኘሁት። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ነፍስ ዘራች።

ስሟን ዳሞቲት አልኳት። ሰው ሲጮህ ሰምታ ከዳሞታ ተራራ ዘላ ትወርዳለች፤ ጎርፍ ትገታለች፤ የዘራፊ መኪና በአንድ እጇ ታነሳለች። አዘጋጁ ወዷታል።

ልብሷ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ የሳልኩት የእኛን ዱንጉዛ ነበር፤ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመር ያለውን፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ። ማተሚያ ቤቱ ግን ለሽፋን የሚጠቀመው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው። ቢጫው ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ እኔም እንዳንቺው ደንግጫለሁ።

አሁን ምክርሽን እፈልጋለሁ። ልጆቹን ስፌት የምታስተምሪ አንቺ ነሽና፣ ሴት ከተራራ ስትዘል ቀሚሷ እንዳይገለብባት እንዴት ተደርጎ ይሰፋል?

ወንድምሽ ዳና


ሶዶ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዳና፣

የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። ስለ ፊቴ ይቅርታ ብለሃል፤ ይቅር ብዬሃለሁ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ልጆቹ ክላስ ስገባ «ዳሞቲት መጣች» ይላሉ። ፈጠነች የምትባል ቀልጣፋ ተማሪ አለችኝ፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ «እስቲ ከነአግዳሚው አንሺኝ» አለችኝ። እንጀራ እናት ቤት የምትኖር ልጅ ናት፤ እንቢ ማለት አልሆነልኝምና አነሳኋት። ወገቤን እስካሁን ያመኛል።

ኤርካሎም አይቷታል። ከሕክምና ቤት ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ መጥቶ ደብዳቤህን ሳነብለት ሳቀ። «መኪና የምታነሳ ሴት ላገባ ነው፤ ከእንግዲህ ድሬሰር ነኝ ብዬ ለማን አወራለሁ» አለ። ሠርጋችን እንደተባለው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ አንተ ሳትመጣ አይሆንም።

ዳይሬክተራችን አቶ ባዳቾ ምን እንዳሉ ማወቅ ፈልገሃል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ስለሆኑ እኔም ፈርቼ ነበር። መጽሔቱን አገላብጠው «ልብሷ ጨዋ ነው» ብለው መለሱልኝ።

ስለ ቀሚሱ፣ ከወገቧ ጀምረህ ሸንሽነው፤ ጫፉን ሰፋ አድርገህ እጠፈውና ክብደት እንዲኖረው ደርበህ ስፋው። ይህን ለጠሃ ሚስት ለዙህራ ባጫውታት ሳቀችብኝ። «እኛ ስልጤዎች ከቀሚስ ሥር ሱሪ እናደርጋለን። እሷም ታድርግና እስክትጠግብ ትዝለል» አለች። እኔም የዙህራ ይሻላል እላለሁ።

ዳጣ በጠርሙስ ልኬልሃለሁ፤ በጠሃ ጭነት መኪና ይመጣል።

እህትህ አሳየሽ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

አዬ፣

ዳጣው በደህና ደረሰኝ። ዙህራንም አመስግኚልኝ፤ ዳሞቲት ሱሪው አምሮባት ነበር፣ ዕድሜው ቢያጥርም።

የግንባሯ ማሰሪያ የት ሄደ ላልሽው፣ ከመታተሙ በፊት የሚመረምሩት ሰዎች ናቸው ያስወለቋት። «ዘውድ የሚመስል ነገር በማንም ራስ ላይ አይደረግም» አሉ። ፀጉሯ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ ነው ብል የሚሰማኝ አጣሁ። በዚያው ካባዋንም አነሱት፤ ካባ የሚያለብስ ማን እንደሆነ የታወቀ ነው ተባለ። ጅብ እንዴት በሰው ቋንቋ «ከመሬቴ ውጡ» ይላል ብለሽ የጠየቅሽውም ከዚሁ የመጣ ነው። ጅቡ መጀመሪያ ጭሰኛ የሚያባርር ባለርስት ነበር። ባለርስት አይነካም ስለተባለ በጅብ ቀየርኩት፤ ንግግሩን መቀየር ግን ሁላችንም ረሳን።

ሱሪው የቀረው በሌላ ምክንያት ነው። የመጽሔቱን የኋላ ገጽ በማስታወቂያ የሚይዝ አንድ የጨርቅ ነጋዴ አለ። «ይቺ ሴት እኔ የምሸጠውን ትልበስ። ዱንጉዛም ሱሪም አልሸጥም» ብሎ ላከ። አዘጋጁ ወደ እኔ ዞሮ «አበባ ያለበት ናይለን አልብሳት፤ ትንሽ አጠር ይበል፤ ከተሜ ትምሰል» አለኝ። ናይለን ለብሳ ገደል ለገደል የምትሄድ ሴት እሾህ አይምራትም ብዬ ተከራከርኩ። «እሾሁንም የምትስለው አንተ ነህ፤ አትሳለው» አለኝ።

ከጉልበቷ በታች ነው አዬ። ጉልበቷ አይታይም። ይህን እወቂልኝ።

ለሠርጉ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ጻፊልኝ።

ዳና


ሶዶ፣ ግንቦት 2 ቀን 1957 ዓ.ም.

ወንድሜ ዳና፣

እንደምን ሰንብተሃል? እዚህ ዝናቡ ጥሩ ነው፤ ጓሮ የተከልኩት ቦዬ በቅሏል።

አላዘንኩም። አዝናለች ብለህ አትጨነቅ። ናይለን በእኛም ከተማ ይለበሳል።

ቀኑን ሳልጽፍልህ የቆየሁት ስለተዛወረ ነው። ለጊፋታ በዓል ሰሞን፣ ወደ መስከረም አድርገነዋል። የኤርካሎ ቤት ጣሪያ አላለቀም፤ ቆርቆሮ ጠፍቷል። ሌላ ምክንያት የለውም።

ጠሃ መጽሔቱን አሁንም ያመጣል። በር ላይ መስቀሉን ግን ትቷል፤ ከስኳሩ ጆንያ ኋላ ያስቀምጠዋል። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። ሰላም ስለው ዓይኑን ወደ ሚዛኑ ይመልሳል።

ፈጠነች ደህና ናት ወይ ብለሃል። ደህና ናት፤ ግን አባቷ ከትምህርት ቤት አስቀርቷታል። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

አሳየሽ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1958 ዓ.ም.

አዬ፣

ለጊፋታ ጥሪ ስጠብቅ ከረምኩ። ጥሪው ቀርቶ ነሐሴ ላይ ያ አጭር ወረቀትሽ ሲመጣ ነገሩ ገባኝ። ስለ ቆርቆሮው ከእንግዲህ አትንገሪኝ።

«ልብሱን መመለስ ካልቻልክ ፊቷን ለውጥልኝ» ብለሻል። ለውጬው ነበር። ጠባሳውን አጠፋሁ፣ ፍንጭቱን ደፈንኩ፣ አገጯን አሾልኩ። እትሙ ወጣ። ከዚያ ከየአገሩ ደብዳቤ ጎረፈ፤ ከደሴ፣ ከጎሬ፣ ከአሥመራ ሳይቀር። «ዳሞቲታችንን የት አደረሳችኋት፣ ይቺ ሌላ ናት» ይላሉ። አዘጋጁ ደብዳቤዎቹን ፊቴ ዘርግፎ «ሰዉ የሚገዛው ይህን ፊት ነው» አለኝ። በሚቀጥለው እትም ጠባሳሽን መልሼ ሳልኩት።

ቀሚሱ ከጉልበት በላይ የወጣው በዚያው ሳምንት ነው። ሌላ መጽሔት የውጭ ዘፋኞችን ፎቶግራፍ እያወጣ ይሻማን ጀመር፤ ልጃገረዶቹ ሁሉ አጭር የለበሱ ናቸው። «እኛም እናሳጥር» ተባለ። እስከ ጉልበቷ ስዬ ወሰድኩ። አዘጋጁ እርሳስ አንስቶ ከበላይ አሰመረበት፤ «እዚህ» አለኝ። እርሳሱ ያረፈበትን ቦታ አልነግርሽም፤ አይተሽዋል።

የማን ፊት እንደሆነ ለምን አልነገርካቸውም ላልሽው ግን መልሴ ያሳፍረኛል። ቢያውቁ ይተዋሉ ብዬ አላምንም። ፎቶግራፍ አንሺ ይልኩብሻል ብዬ ነው የፈራሁት።

ሽማግሌዎቹ አስጠርተውሻል የሚባል ነገር ከአንድ የሶዶ ሰው ሰማሁ። እውነት ነው? ከእኔ አትደብቂኝ።

ዳና


ሶዶ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዳና፣

መልሱን አዘገየሁብህ፤ ይቅርታ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

እውነት ነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አልነበሩም፤ አቶ ባዳቾ ብቻ ናቸው ቢሮ ያስጠሩኝ። መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍተውታል። ቁጭ በይ አሉኝ።

«ይቺ አንቺ ነሽ?»

«ፊቱ የእኔ ነው። የቀረው የእኔ አይደለም።»

«የቀረው ያንቺ አለመሆኑን ወላጆች በምን ያውቃሉ?»

ምን አሳይቼ ላስረዳ? አባታችን አሳየሽ ብሎ ስም ሲያወጣልኝ እንዲህ ያለ ቀን አልታየውም።

ክፉ አልተናገሩኝም፤ ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። «ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ። ነውር አላየሁብሽም። ግን ጠዋት ጠዋት ወላጅ ደጄ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሥዕል ነው ስል፣ ሥዕል ያለ ሰው ከየት ይመጣል ይሉኛል። የፈጠነች አባት ልጁን ወስዶ ሌሎቹም ሊከተሉት ነው። ክፍሉ ባዶ ከቀረ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። እኔ ምን ላድርግ አሳየሽ?» አሉኝ።

ምን እንዲያደርጉ ልንገራቸው? እኔም አላውቅም ነበር። ደወል ተደወለ፤ ወደ ልጆቹ ማን እንደሚገባ ሁለታችንም አላነሳንም። በመጨረሻ እሳቸው ተነስተው ገቡ። እኔ በጓሮው በር ወጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲህ አላስተማርኩም።

መጥቼ ላስረዳቸው ትል ይሆናል። አትምጣ። ብትመጣ «ወንድሟ ራሱ ነው የሳላት» ይባላል፤ ያኔ ደግሞ ይብሳል። ሥራህን ተው ብዬም አላዝህም። ሌላ ሰው እንዳይስላት ምን ዋስትና አለን?

ቤት ውስጥ ለዙህራ ልጆች እሰፋለሁ። ሰንበት ሰንበት ኋላ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ለብዙ ሰው እጄን እሰጣለሁ፤ የሚጨብጡኝ አሉ።

እህትህ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 25 ቀን 1958 ዓ.ም.

አዬ፣

ያልሽው ደረሰ። ሥራውን ትቻለሁ፤ እሷ ግን አልቀረችም።

አዘጋጁ ዘንድ ገብቼ እውነቱን ነገርኩት። «እህቴ ናት፤ በዚህ የተነሳ ከማስተማር ወጥታለች» አልኩት። ተቆጣ ወይ ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል፤ አልተቆጣም። ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። «ገና ስትጀምር ብትነግረኝ ሌላ ፊት እንፈልግ ነበር። አሁን ነጋዴው ጨርቁን በስሟ እየሸጠ ነው፤ የዳሞቲት ናይለን እየተባለ። ላቁም ብል እኔን አንስተው ሌላ ያስቀምጣሉ» አለኝ። ከልቡ ያዘነ ይመስለኛል። ሐዘኑ ግን ለማናችንም አልጠቀመም። የሳልኳቸውን ሥዕሎች ሁሉ እንዲመልስልኝ ስጠይቀው «የመጽሔቱ ንብረት ነው» አለኝ። ስቀጠር ፈርሜያለሁ።

አሁን ሌላ ሠዓሊ ይስላታል። አንቺን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ የእኔን የድሮ ሥዕል ከሥር አድርጎ ፊትሽን ይገለብጣል። ጠባሳው እንኳ ቦታውን አልሳተም። ልብሷን በተመለከተ ዝም ብል ይሻላል። መጽሔቱ የሚሰቀልበት ፒያሳ ስደርስ መንገድ እቀይራለሁ።

እኔ የሱቅ ሰሌዳ እጽፋለሁ። ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ የመሳሰለውን። የሰው ፊት እንድስል የሚጠይቀኝ ሲመጣ አልችልም እላለሁ።

ስለ ኤርካሎ በደብዳቤሽ አንድ ቃል የለም። ምን አለሽ?

ዳና


ሶዶ፣ ሰኔ 8 ቀን 1958 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ሥራህን በመተውህ አዝኛለሁ፤ በመተውህም ተጽናንቻለሁ። ሁለቱም በአንድ ላይ አሉ።

ስለ ኤርካሎ ደጋግመህ ስለጠየቅኸኝ እጽፋለሁ። ከፋሲካ በፊት መጥቶ ነበር። ጋዋኑን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጠፈው፤ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው።

«አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ?»

«የምንለብስበት ክፍል ውስጥ ሳጥን ላይ ለጥፈዋታል። ጠዋት ስገባ አያታለሁ። ቀደድኩት፤ ሌላ ለጠፉ። መጀመሪያ ሰዎቹን ነበር የምጠላቸው። አሁን አንቺ ጋ ስመጣ ፊትሽን ሳይ እሷን አስታውሳለሁ። እንዳላስታውስ ብዬ ስታገል ደግሞ የምትነግሪኝን አልሰማም። አሁን እንኳ ምን እንዳልሽኝ አልሰማሁም።»

«ምንም አላልኩህም።»

«እንዲህ ሆኛለሁ» አለና አለቀሰ። የማጽናናው እኔ ሆንኩ። ትንሽ እንታገሥ ተባብለን ተለያየን። ከዚያ በኋላ አልመጣም፤ እኔም አልላክሁበትም። አልተጣላንም ዳና፤ ቢጣላኝ ኖሮ ቢያንስ የምመልስለት ነገር አይጠፋኝም ነበር። በእሱም በራስህም አትቆጣ።

ጠሃ መጽሔቱን ማስመጣቱን ፈጽሞ ትቷል፤ ገዢ ግን ከሌላ ሱቅ ያገኛል።

ቤተ ክርስቲያን በሻንቶ ለትልልቅ ሴቶች የንባብ ትምህርት ልትከፍት ነው። አቶ ባዳቾ ስሜን አስገብተውልኛል። «እዚያ መጽሔት የሚያነብ የለም» አሉኝ። ለዚህ ነው የምሄደው። ከሐምሌ ጀምሮ በሻንቶ ገበያ በኩል ጻፍልኝ።

አሳየሽ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 19 ቀን 1960 ዓ.ም.

አዬ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ አንድም ቃል ሳንጻጻፍ ስለቆየን፣ ይህን የምጽፍልሽ በጥንቃቄ ነው። መጽሔቱ ተዘጋ። ነጋዴው ፊቱን ወደ ሌላ ንግድ አዞረ፤ ወረቀትም ተወደደ፤ አዘጋጁ ወደ ሐረር ተዛወረ። ዳሞቲት የለችም።

እንዴት አለቀች ብለሽ አትጠይቂኝም፤ ሆኖም ልንገርሽ፤ አላለቀችም። በመጨረሻው እትም ከተራራው ዘላ ሳታርፍ፣ አየር ላይ እንዳለች ቀረች። የወረደችበትን ሥዕል የሳለ የለም።

ስለዚህ ወደ ሶዶ ብትመለሺስ? ሰው ይረሳል። ለአቶ ባዳቾም ጽፌላቸዋለሁ። እነሱ ቢፈቅዱ እንኳ ልብሽ ይፈቅዳል ወይ? እዚያ ሻንቶስ አይተሻት ታውቂያለሽ? እውነቱን ንገሪኝ፤ አሁን የምትጎዳን አይመስለኝም።

ወንድምሽ ዳና


ሻንቶ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዳና፣

ለጤናዬ ደህና ነኝ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ደብዳቤህ ዘገየብኝ።

አቶ ባዳቾም ጽፈውልኛል። በእኔ ቦታ ሌላ መምህርት እንዳለች፣ ጎበዝ እንደሆነች፣ እሷን ማስወጣት እንደማይችሉ ነው የሚሉት። ልክ ናቸው። ኤርካሎም ባለፈው ዓመት አግብቷል፤ ሚስቱን ገበያ አግኝቻት ሰላም ተባብለናል። ስለዚህ እዚሁ ነኝ።

አይተሻታል ወይ ላልከኝ፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ አላየኋትም ብዬ ልመልስልህ እችል ነበር።

ጥሩነሽ የምትባል ተማሪ አለችኝ፤ ወልዳ ተኝታ ስለነበር ልጠይቃት ሄድኩ። እዚያው ዝናብ ያዘኝ። ቤቷ በጎን በኩል ነፋስ ያስገባል፤ ባሏ ከሶዶ ዕቃ የተጠቀለለበትን አሮጌ ወረቀት አምጥቶ ግድግዳውን ሁሉ ለጥፎበታል። ከአልጋው በላይ እሷ አለች። ያ ሌላው ሠዓሊ የሳላት ናት። በጭስ ጠቁራለች፤ ፊቷ ግን ይታያል። ልብሷን አልነግርህም፤ የቀረላት ትንሽ ነው።

ጥሩነሽ ስታየኝ ደስ ብሏት «እትዬ፣ ያስተማርሽኝን ላንብብልሽ» አለችና ጣቷን ከዳሞቲት አፍ ወደ ወጣው ጽሑፍ ዘረጋች። «አ... አይ... አይዟችሁ... ደር... ደርሻለሁ።» ከመማሪያ መጽሐፋችን ውጪ ስታነብ የመጀመሪያዋ ነው። ጎሽ አልኳት። እጇን ይዤ ጎሽ አልኳት።

ከዚያ ሥዕሉን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ እንደገና ሥዕሉን። አወቀችኝ አልኩ በልቤ። አላወቀችኝም። ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠግታ በወላይትኛ «ይቺ ሴትዮ በዚህ ዝናብ አይበርዳትም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይበርዳታል» አልኳት።

ዝናቡ እስኪያባራ ከሥዕሏ ሥር ተቀመጥኩ።

እህትህ አሳየሽ